ተሰጥኦ ሞልቷል፤ ሄዶ የሚያይ ጠፋ

እ.ኤ.አ. በ2021 የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ (ኤን ኤፍ ኤል) 32 ክለቦች በዓመታዊው ድራፍት 259 ወጣቶችን መረጡ። ከታሪካዊዎቹ የጥቁሮች ኮሌጆች የተጠራ ስም ግን አንድም አልነበረም። በተከታዩ ዓመት የካቲት በኒው ኦርሊንስ፣ ዩልማን ስታዲየም፣ የመጀመሪያው «ሌጋሲ ቦውል» ተካሄደ። ከእነዚህ ኮሌጆች የተውጣጡና ለድራፍት የደረሱ መቶ ያህል ምርጥ ተጫዋቾች በሁለት ቡድን ተከፍለው ተጋጠሙ፤ ጨዋታውም በሊጉ ቴሌቪዥን በቀጥታ ተላለፈ።

የደቡብ አሜሪካ ግዛቶች ዩኒቨርሲቲዎች በራቸውን ለጥቁር ተማሪ በዘጉበት ዘመን ሐኪሙንም፣ መምህሩንም፣ ስፖርተኛውንም ያፈሩት እነዚህ ኮሌጆች ናቸው። እኛም እናውቃቸዋለን፤ ኢትዮጵያዊው ዶክተር መላኩ በያን ሕክምና የተማሩት ከእነዚሁ በአንዱ፣ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ነው። በፉትቦሉም ዋልተር ፔይተን ከጃክሰን ስቴት፣ ጄሪ ራይስ ከሚሲሲፒ ቫሊ ስቴት ወጥተዋል።

የሌጋሲ ቦውል መሥራቾች ጄምስ ሃሪስና ዳግ ዊሊያምስ ሁለቱም የሉዊዚያናው ግራምብሊንግ ኮሌጅ ኳርተርባኮች (የቡድኑን ማጥቃት የሚመሩ ተጫዋቾች) ነበሩ። የዊሊያምስ ታሪክ ይህ ተሰጥኦ እንዴት ይገኝ ለሚለው የዛሬ ጥያቄ መልስ አለው። በ1978፣ ከድራፍቱ በፊት፣ ጆ ጊብስ የተባለ የታምፓ ቤይ ረዳት አሠልጣኝ ግራምብሊንግ ድረስ ሄዶ ከወጣቱ ጋር ጊዜ አሳለፈ፤ ጠየቀው፣ መዘነው። ክለቡም በመጀመሪያው ዙር መረጠው። ከአሥር ዓመት በኋላ ጊብስ በዋና አሠልጣኝነት፣ ዊሊያምስ በኳርተርባክነት የዋሽንግተንን ቡድን ይዘው የሊጉን የፍጻሜ ጨዋታ፣ ሱፐር ቦውልን፣ 42 ለ 10 አሸነፉ። ቡድኑን መርቶ ይህን ዋንጫ የወሰደ የመጀመሪያው ጥቁር ኳርተርባክም ዊሊያምስ ሆነ።

«ዛሬ ጎበዙ ሁሉ ወደ ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ይሄዳል» የሚሉ አሉ። ብዙዎች መሄዳቸው እውነት ነው፤ ገንዘቡም የዝውውር ሕጉም ይስባቸዋል። የቀረው ግን ሁሉ ገለባ አይደለም። በ2022 አራት ተጫዋቾች ተመረጡ። ከመካከላቸው የፌየትቪል ስቴቱ ጆሹዋ ዊሊያምስ በመጀመሪያ ዓመቱ ከካንሳስ ሲቲ ጋር ሻምፒዮን ሆነ። ሆኖም በ2023 የተመረጠው አንድ ብቻ ነው፤ በ2024 ደግሞ ማንም አልነበረም።

እንደ ሌጋሲ ቦውል ያለውን የምርጦች ጨዋታ ከልቤ እደግፋለሁ። ከጨዋታው ጎን የሥራ ቅጥር አውደ ርዕይ ማዘጋጀቱም አስተዋይነት ነው፤ አብዛኛው ልጅ ኑሮውን የሚመሠርተው ከሜዳ ውጭ ነውና። ነገር ግን የአንድ ቀን ጨዋታ የአራት ዓመት ልፋትን አያሳይም። በዚያ ቀን ጉልበቱ ያመመው፣ ኳስ ያልደረሰው ልጅ ምን ይሁን? ክለቦቹ ልጆቹ ተሰብስበው እስኪቀርቡላቸው መጠበቃቸው ይብቃ። መልማዮቻቸውን በውድድሩ ወራት ወደየኮሌጁ ሜዳ ይላኩ፣ አሠልጣኞቹን ያነጋግሩ፣ ልምምዱን ይዩ። ጊብስ በ1978 የሄደበት መንገድ ዛሬም ክፍት ነው።