የአያት ወራጅ ማገዶ አይደለም

በሰቆጣ አሮጌ የድንጋይ ቤት ፈርሶ በብሎኬትና በቆርቆሮ ሲተካ ማየት አዲስ ነገር አይደለም። ይህን አንቃወምም፤ በሚያፈስ ጣራ ሥር ተቀምጦ ቅርስ መጠበቅ ለተናጋሪው እንጂ ለነዋሪው አይመችም። የምንቃወመው ሌላ ነው። ጣራው በወረደ ማግሥት ወራጁ፣ ምሰሶውና የበሩ ሳንቃ በመጥረቢያ ተፈልጦ ምድጃ ይገባል። ሳምንት ሳይሞላ ያው ሰው ለበርጩማና ለመደርደሪያ የሚሆን እርጥብ የባሕር ዛፍ ጣውላ በውድ ዋጋ ሲገዛ እናየዋለን። እንዴት ነው ነገሩ?

ያ የተፈለጠው እኮ ጽድና ወይራ ነው። በዋግ ደጋ ዛሬ ትልልቅ ጽድ የሚታየው በአብዛኛው በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ነው። በ1986 ዓ.ም የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 እንኳ ጽድን ከኮሶ፣ ከዋንዛና ከዝግባ ጋር በስም ጠርቶ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጥ ከልክሎ ነበር። ስለዚህ ከአያቶቻችን ጣራ የወረደው ወራጅ ምትክ የለውም። ጽድን ምስጥ በቀላሉ አይደፍረውም። ከዝናብ የተጠለለ እንጨት ስንት ዘመን እንደሚቆይ ለማየትም ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ በጎረቤታችን በላስታ የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳው አንድ ረድፍ እንጨት አንድ ረድፍ ድንጋይ እየተደረገ ተሠርቶ፣ ዋሻው ከልሎት ከ800 ዓመት በላይ ቆሟል።

ባሕር ዛፍንም አናጣጥልም። ግን እርጥቡን ዛሬ ገዝቶ ዛሬ የሚመታ ሰው ነገ ሲጣመምና ሲሰነጠቅ ያየዋል። የተለመደው ስሌት ለ2.5 ሣንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ያህል በጥላ ማድረቅ ነው። የእኛ አየር ደረቅ ነው ብሎ ፀሐይ ላይ ማስጣት ጫፉን ማስሰንጠቅ ነው፤ ጫፉን ሰም ወይም ቀለም ቀብቶ፣ በየመካከሉ ቀጫጭን እንጨት እያስገቡ መደርደር ይሻላል። አሮጌው ወራጅ ግን ይህን ሁሉ ጣራ ላይ ሆኖ ጨርሶ የመጣ ነው።

እቤቱ ሆኖ እጁን ማፍታታት የሚፈልግ ሰው ከምስማር ፍለጋ ይጀምር። አንዲት የተደበቀች ምስማር የመጋዝ ጥርስ ትጨርሳለች። ከተበላሸ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት እንጨቱ ላይ ቢያንሸራትቱት ያለችበትን ይናገራል። ቀጥሎ አፍንጫን ሸፍኖ፣ ውጭ አየር ላይ፣ ጥቀርሻውንና አፈሩን መፈግፈግ ነው፤ ሳይጸዳ ከተላገ የመላጊያው ስለት ወዲያው ይደንዛል። በደነዘ መሣሪያ መሥራት ደግሞ ጉልበት መጨረስ ብቻ አይደለም፤ ስለሚያንሸራትት እጅም ያስቆርጣል።

ወይራ ላይ ምስማር በቀጥታ አይመታም፤ ወይ ምስማሩ ይጎብጣል፣ ወይ እንጨቱ ይሰነጠቃል። አስቀድሞ ከምስማሩ ትንሽ ቀጠን ያለ ቀዳዳ መሰርሰር ነው። ለበርጩማ እግር ግን እኛ ምስማር ባይኖር እንመርጣለን። በመሮ ቀዳዳ አውጥቶ ምላስ ማስገባት ይበልጣል፤ የምላሱ ውፍረት ከእንጨቱ ውፍረት ሲሶ ያህል ይሁን። ገበሬውስ ሞፈሩን ከቀንበሩ የሚያያይዘው በምራን እንጂ በምስማር ነው እንዴ? ምስማር የሚያበዛው የከተማው ልጅ ነው። በር የሚሠራም ግንቦት ላይ ልክክ አድርጎ ካጠበቀው ነሐሴ ላይ አይዘጋለትም፤ እንጨት በክረምት ርጥበት ስለሚያብጥ ዳርና ዳሩን ትንሽ ይተውለት።

እናቶች «ማገዶስ ከየት ይምጣ?» ይሉናል። እውነታቸውን ነው፤ ማገዶ በጠፋበት አገር ይህን መጠየቅ ይገባል። ምስጥ የበላው፣ የበሰበሰውና ቁርጥራጩ ለምድጃ ይሁን። የወይራው ፍቅፋቂ ግን ለጋንና ለወተት ዕቃ ማጠኛ ስለሚሆን ለብቻው ይቀመጥ። እኛ የምንለው ጤነኛው እንጨት ይለይ ነው።

በመሆኑም ቤት ሊያፈርስ ያሰበ ጎረቤት ጣራው ሳይወርድ ለማኅበራችን ይንገረን። ደህናውን የሚለይ ሰው እንልካለን፤ ባለቤቱ የማይፈልገውንም በማገዶ ዋጋ ለሚሠራበት ጎረቤት እንዲሸጥ እናገናኛለን። ሞርሳ ወይም ትልቅ መጋዝ ያላችሁ ደግሞ እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ብታውሱን፣ ስለቱን ስለንና ዘይት ቀብተን በዚያው ቀን እንመልሳለን።