ዘይቱ ከየት መጣ?

በዚህ ቡለቲን ላይ ስለ ፍቅር፣ ስለ ሱስ፣ ስለ ዶርም ኑሮና ስለ ካፌው ወጥ ብዙ ተጽፏል። እኔ ዛሬ ስለ ካንዴላ ልጽፍ ነው። አዎ፣ የመኪና ካንዴላ! "ጋዜጠኝነትና ካንዴላ ምን አገናኛቸው?" የምትሉ ትኖራላችሁ። እኔም እስካለፈው ክረምት ድረስ እንደናንተ ነበርኩ።

ቤተሰቦቼ የሚኖሩት ጎጆ ነው። (ጎጆ ስል የሣር ቤት እንዳይመስላችሁ፤ በምዕራብ ሸዋ የጀልዱ ወረዳ ከተማ ናት። ብርዷንም ድንቿንም የቀመሰ ያውቃታል።) አጎቴ በዕድሜ ከኔ የምትበልጥ ኮሮላ አለችው። ድንች ወደ ጊንጪ ያወርድባታል፤ ሌሊት ምጥ የያዛት ጎረቤት ስትኖር ሐኪም ቤት ያደርስባታል። በአጭሩ መኪናዋ የሱ ብቻ አይደለችም፣ የሰፈሩ ናት።

የመጀመሪያ ዓመት ትምህርቴን ጨርሼ ስመለስ መኪናዋ ታማ አገኘኋት። ቆማ ትንቀጠቀጣለች፣ ዳገት ላይ ጉልበት የላትም፣ ቤንዚን ደግሞ እንደ ውሃ ትጠጣለች። ቤንዚን በሃይላንድ ፕላስቲክ እየተለካ በሚሸጥበት ሰሞን ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። አጎቴ ስሙን የማልጠቅሰው ጋራዥ ወስዷት ኖሯል። መካኒኩ አንዱን ካንዴላ ፈትቶ በዘይት መራሱን አሳየውና "ጋሼ፣ ሞተሩ ዘይት መብላት ጀምሯል፣ ፋሻ ጨርሷል፣ ወርዶ መታደስ አለበት" አለው። ለጊዜው ብሎ ዘይቱን በጨርቅ ጠርጎ፣ አዲስ ካንዴላ ገጥሞ፣ ሂሳቡን ተቀብሎ ሸኘው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ መንቀጥቀጡ ተመለሰ።

ሞተር ለማሳደስ ገንዘብ ያስፈልጋል። ገንዘቡ የቆመው በረት ውስጥ ነው። አጎቴ ሁለቱን በሬዎች ሊሸጥ ተነሣ፤ ያውም በእርሻ ወቅት! አክስቴ "መኪናው ይሸጥ እንጂ በሬዎቼን ማንም አይነካም" አለች። ቤቱ ለአንድ ሳምንት ያህል ዝም አለ። እንዲህ ያለውን ዝምታ የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

በመጨረሻ አንድ ዘመዳችን አምቦ ውስጥ አንድ አዛውንት መካኒክ ጠቆመን፣ እኔም አብሬ ሄድኩ። ሰውዬው ገና ኮፈኑን ሳይከፍት የጠየቀው ጥያቄ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። "ዘይቱ ካንዴላው ላይ የት ጋ ነበር? ከላይ ነው ከታች?" አጎቴ "ካንዴላው ላይ ነዋ!" አለ። የመጀመሪያው መካኒክ ይህን አልጠየቀም፤ አጎቴም አላየም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዚህች ዓይነት ኮሮላ ሞተር አራት ሲሊንደር ሲሆን፣ ካንዴላዎቹ ቴስታታው መሐል እንደ ጉድጓድ ጠልቀው ነው የሚቀመጡት። እያንዳንዱ ጉድጓድ በቱቦ የተከበበ ነው። ከላይ ባለው ክዳን ሥር ካምሻፍቶቹን የሚያለሰልስ ዘይት ይረጫል። ያ ዘይት ወደ ጉድጓዱ እንዳይገባ የሚያግደው ቱቦው አናት ላይ ያለች የላስቲክ ቀለበት ናት። ላስቲኳ ለዓመታት የሞተር ሙቀት ሲጠብሳት ትደርቃለች፣ ትሰነጠቃለች። ያኔ ዘይቱ ቀስ በቀስ ወርዶ ካንዴላውን ያጥለቀልቀዋል። የካንዴላው ገመድ ጫፍ ላይ ያለው ላስቲክ ዘይት ሲጠጣ ያብጣል፣ ይበላሻል፣ ኤሌክትሪኩም ወደ ጎን ያመልጣል። አንዱ ሲሊንደር ሥራ ያቆምና ሞተሩ በሦስት ይሄዳል። መንቀጥቀጡ ከዚህ ነው፣ ያልተቃጠለ ቤንዚን በማርሚታ የሚወጣውም ከዚህ ነው።

ፋሻ ሲያልቅ የሚመጣው ዘይት ግን ሌላ ነው። እሱ ከታች፣ ከሚቃጠልበት ክፍል ይመጣል። የካንዴላው የታችኛው ጫፍ ጥቁርና እርጥብ ይሆናል፣ በማርሚታ ሰማያዊ ጭስ ይወጣል። አዛውንቱ የአጎቴን ካንዴላ ፈትተው (ከመፍታታቸው በፊት ጉድጓዱን አጽድተው ነው፤ አለበለዚያ ዘይቱም ቆሻሻውም ሲሊንደር ውስጥ ይገባል) "ልጄ፣ ነይ እይ" አሉኝ። ላዩ በዘይት የራሰ፣ ጫፉ ግን ደረቅ፣ ቡናማ ነበር። ሞተሩ ጤነኛ ነው!

ጥገናው ግማሽ ቀን አልፈጀም። ክዳኑ ተከፈተ፤ ዙሪያውን ያለው ጓርኒሲዮን፣ አራቱ ቀለበቶችና ክዳኑን የሚይዙት ነቶች ሥር ያሉት ላስቲኮች ተቀየሩ። ዘይት የጠጣውም ገመድ እንዲሁ። ጠቅላላ የዕቃው ዋጋ ከአንድ ጎማ ያነሰ ነበር። ሶማሌ ተራ ያገለገለ ዕቃ ሞልቷል፤ ላስቲክ ግን ያገለገለ አይገዛም አሉ። ነቶቹን ተራ በተራ፣ ቀስ እያሉ ነው ያጠበቁት፣ ምክንያቱም ክዳኑ ከተጣመመ አዲሱም ላስቲክ አይረዳም። ሲሊኮን በየቦታው መለቅለቅንም አይወዱም፤ ትርፉ እየተቀረፈ ወደ ውስጥ ይወድቅና የዘይት መንገድ ይዘጋል። ከሁሉም የገረመኝ ግን የሞተሩ መተንፈሻ ቫልቭ ነው። ትንሽ ዕቃ ናት። እሷ በቆሻሻ ስትደፈን ውስጥ ያለው ግፊት መውጫ ያጣና ዘይቱን በደከመው ላስቲክ በኩል ይገፋዋል። እሷን ሳያጸዱ ላስቲክ ብቻ የሚቀይሩ ሰዎች ዘይቱ ሲመለስባቸው ላስቲኩን ይሰድባሉ።

የመጀመሪያውን መካኒክ ሌባ ነው አልልም። በኛ መንገድ ላይ የሚበዛው አይሱዙ ነው፤ የናፍጣ ሞተር ደግሞ ካንዴላ የለውም። የድሮዋ ዲኤክስ ካንዴላዋ ከሞተሩ ጎን ነው፣ እንዲህ ያለ ጉድጓድ የላትም። በነዚህ ላይ እጁን የፈታ ሰው ጉድጓድ ውስጥ ዘይት ሲያይ ቢደናገር አይፈረድበትም። የምፈርድበት ሳያረጋግጥ በልበ ሙሉነት መናገሩ ላይ ነው። አንድ ገበሬ በሬ እንዲሸጥ የሚያደርግ ቃል ከመናገሩ በፊት ካንዴላውን ገልብጦ ቢያየው ምን ነበረበት?

አጎቴስ ለምን አልጠየቀም? እኔ እንደሚመስለኝ ቃላቱ አስፈርተውት ነው። ካንዴላ፣ ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ካቻቢቴ… ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ሐኪም በላቲን እንደሚያስፈራን መካኒክም በነዚህ ያስፈራናል። ስሙን የማያውቁትን ነገር "አሳየኝ" ማለት ይከብዳል። ስለዚህ እኔ በበኩሌ ማንኛውም ጋራዥ የፈታውን ዕቃ ለባለንብረቱ በእጁ ሊሰጠው፣ ምክንያቱንም በሚገባው ቋንቋ ሊነግረው ይገባል እላለሁ። ይሄ ልግስና አይደለም፤ ሰውዬው የከፈለበት ነው።

"አሮጌ መኪና እኮ ጊዜው አልፏል" የሚሉ አሉ። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተወሰነ። የኤሌክትሪክ መኪና መምጣቱን አልቃወምም (ካንዴላም የሞተር ዘይትም የላትም፣ ተገላገልን!)። ነገር ግን ጎጆ ያለችው ኮሮላ በዚህ ምክንያት ነገ አትጠፋም። እንዲያውም ምትክ ማግኘት በከበደ ቁጥር ረጅም ዓመት መሥራት አለባት። ስለዚህ ጥገና የግለሰብ ጣጣ ብቻ ሳይሆን የሕዝብ ጉዳይ ነው ባይ ነኝ።

ይህን ታሪክ ለፊቸር አሳይመንት ሳቀርብ አንድ የክፍል ጓደኛዬ "ይሄ ዜና ነው እንዴ? የመካኒክ መማሪያ መጽሐፍ ነው እንጂ" ብሎ ሳቀብኝ። ክፍሉም ሳቀ። ስለ ልማታዊ ጋዜጠኝነት ስንማር የምንጽፈው ስለተመረቀ ሕንጻና ስለተካሄደ ስብሰባ ነው። የስብሰባው ዜና ግን አክስቴን ከምን አዳናት? መማሪያ መጽሐፉ ላስቲክ እንዴት እንደሚቀየር ይነግረናል፤ ላስቲኩን ባለማወቅ ማን በሬውን እንደሚያጣ ግን አይነግረንም። ያንን መጻፍ የኛ ሥራ ነው። ወፍጮ ቤት አለ፣ የውሃ ፓምፕ አለ፣ ባጃጅ አለ፤ እያንዳንዱ ውስጥ ሰው ሳይጠይቅ የሚከፍልበት ነገር ሞልቷል።

ለዚህም ቡለቲናችን ቢያንስ አንድ ገጽ ይስጠን። እኔ ጋራዥ ሲኬድ የሚጠየቁ ጥያቄዎችን በአማርኛ ጽፌ ጨርሻለሁ። በአፋን ኦሮሞ ግን ግማሽ ላይ ቆሜያለሁ፤ አጎቴ የሚያነበው እሱን ነውና። ለጓርኒሲዮን ጥሩ የኦሮምኛ ቃል የሚያውቅ ካለ ከሰዓት በኋላ ላይብረሪ ያገኘኛል።