መስተዋት የለበሰው ክራር

«ክራር ነው ወይስ ጊታር?»

ከክረምት ዕረፍት ከተመለስሁ ወዲህ የዚህን ጥያቄ ያህል ደጋግሞ የቀረበልኝ የለም። «ፈተናው እንዴት ሆነልህ?» የሚለው እንኳ ሁለተኛ ሆኗል። ነገሩን ያስነሣው ከአልጋዬ በላይ የተሰቀለው መሣሪያ ነው፤ ስድስት የብረት ጅማት አለው፤ በኤሌክትሪክ ይሠራል፤ ፊቱም ከዳር እስከ ዳር መስተዋት ለብሷል። አንዳንዶቻችሁ ድምፁን ለመስማት መጣችሁ፤ አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ጠጕራችሁን ለማበጠር። ለእያንዳንዱ ለብቻው ከመመለስ በዚህች መጽሔት አንድ ጊዜ መልስ መስጠት ይሻላል ብዬ ብዕሬን አነሣሁ። መልሴም ስለ ክራሩ ብቻ ሳይሆን ስለ እኛ ስለ ተማሪዎችም ጭምር ነው።

የመጀመሪያ ዐሳቤ ጊታር ለመሥራት ነበር። እንግሊዛዊው ሲድ ባሬት እ.ኤ.አ. በ1967 ከፒንክ ፍሎይድ ጋራ ሲጫወት በያዘው ጊታር ላይ ክብ ክብ መስተዋቶች ለጥፎ ነበር። «ኪስ» የተባለው የአሜሪካ ባንድ አባል ፖል ስታንሊም ፊቱ በተሰነጣጠቀ መስተዋት የተሸፈነ ጊታር በመያዝ ታውቋል። ሥዕላቸውን አይቼ እኔም እንዲህ ያለ አንድ ቢኖረኝ ብዬ ተመኘሁ። ለመግዛት የተማሪ ኪስ አይፈቅድም፤ ስለዚህ ሥዕሉን በደብተሬ ውስጥ ከትቼ ወደ አገሬ ወደ አቀስታ ሄድሁ።

አቀስታን ለማታውቁ፣ ከደሴ ወደ መካነ ሰላም በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የለጋምቦ ወረዳ ከተማ ናት። ደጋ ናት፤ በሐምሌ ጋቢ ሳይደርብ የሚወጣ ሰው ኋላ ይጸጸታል። በዚያ አንድ አናጺ አሉ፤ በር፣ አልጋ፣ የሙሽራ ሣጥን ይሠራሉ፤ ገበያው ሲቀዘቅዝ ክራር ያበጃሉ። ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለ ለመኑኝ «ጋሼ» እያልሁ እቀጥላለሁ። የለመኑበትን ምክንያት በኋላ እመለስበታለሁ።

ጋሼ ሥዕሉን አገላብጠው ካዩ በኋላ፣ «ይኸ ከአንገቱ ላይ የተደረደረው መሰላል ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። የተማረ ሰው ነኝና አስረዳኋቸው። የጅማቱ ርዝመት 648 ሚሊሜትር ቢሆን፣ ይህ ለ17.817 ተካፍሎ የመጀመሪያው የብረት መስመር በ36.4 ሚሊሜትር ላይ ይቀመጣል፤ የቀረው ርዝመት እንደገና በዚያው ቁጥር ይካፈላል፤ በዚህ ዓይነት አንዱ ኦክቴቭ በ12 እኩል እርከን ይከፈላል አልሁ። ጋሼ በትዕግሥት ሰምተው ሲያበቁ፣ «ታዲያ አንቺሆዬ ልጫወት ስል መሰላሉ እንቢ ቢለኝ ማንን እከሳለሁ?» አሉ።

ሳቅሁ፤ ነገሩ ግን የሚያስቅ አልነበረም። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የምንላቸው ቅኝቶቻችን በጆሮ የሚስተካከሉ ናቸው። ከእነዚህም መካከል ባቲና አምባሰል የወሎ አገሮች ስም መሆናቸውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ክራር ተጫዋች ጅማቱን ሲያጠብቅና ሲያላላ እርከኑን የሚወስነው ራሱ ነው፤ በጊታር አንገት ላይ ግን የሌላ አገር ጆሮ በብረት ተቸክሎ ይጠብቀናል። እንዲህ ስል ጊታርን መንቀፌ አይደለም። ሰላም ሥዩም ከአይቤክስና ከሮሐ ባንድ ጋራ ሲጫወት ጊታር የእኛን ዜማ እንዴት አድርጎ እንደሚናገር አሳይቶናል። ነገር ግን ከእንጨቱ ጀምሮ አዲስ መሣሪያ የሚሠራ ሰው የሌላውን መሰላል የሚቀዳበት ምን ግዴታ አለበት? ስለዚህ ጊታሩን ትተን ክራሩን በኤሌክትሪክ ለማናገር ተስማማን።

ይህም የእኛ ግኝት ነው ብዬ አልመጻደቅም። መሰለ አስማማው የኤሌክትሪክ ክራር ይዞ በውጭ አገር መድረኮች ጭምር ተጫውቷል። በለንደን የተቋቋመው «ክራር ኮሌክቲቭ» ክራርን በማጉያ አሰምቷል። ሙላቱ አስታጥቄም በአሜሪካ በሃርቫርድና በኤም.አይ.ቲ. በቆየበት ጊዜ ክራርን ስለ ማዘመን ሠርቷል። የእኛ ልዩነት ሥራው በአቀስታ፣ በአንድ አናጺ ደጅ፣ ካረጀ ዕቃ መሠራቱ ብቻ ነው።

አሠራሩ ምሥጢር የለውም። ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 ያሳየንን፣ እኛም በፊዚክስ ክፍል ስንሸመድደው የኖርነውን ሕግ የሚከተል ነው። ከብረት ጅማቶቹ በታች ማግኔት ይቀመጣል፤ ማግኔቱ በቀጭን የመዳብ ሽቦ ይጠመጠማል፤ ጅማቱ ሲርገበገብ የማግኔቱ መስክ ይወዛወዛል፤ በሽቦውም ውስጥ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ ማጉያው ያንን አሳድጎ ያሰማል። ጅማቱ የግድ ብረት መሆን አለበት፤ የበግ አንጀት ወይም ናይሎን ቢሆን ማግኔቱ አያውቀውም። ማግኔቱን ከተበላሸ ድምፅ ማጉያ አወጣን፤ ሽቦውን ከተቃጠለ የሬዲዮ ትራንስፎርመር ላይ ፈታን። ከጠጕር የማይወፍር ሽቦ ስለሆነ ሦስት ጊዜ ተበጠሰብን፤ በሦስተኛው ቀን 4,000 ዙር ጠምጥመን ጨረስን። መጀመሪያ እንደ ንብ ቀፎ እም እያለ አስቸገረን፤ ጅማቶቹ የሚያርፉባትን ብርኩማ ከብረት ሠርተን ከመሬት ሽቦው ጋራ ስናገናኛት ዝም አለ።

አካሉ እንደ ወትሮው ክራር ባዶና ቆዳ የለበሰ አይደለም፤ ድፍን ዋንዛ ነው። ዋንዛ በአቀስታ ብርድ አይበቅልምና ከወይና ደጋው የመጣ የአሮጌ ሣጥን ክዳን ተጠቀምን። ድምፁን የሚወልዱት ጅማቱና ማግኔቱ ስለሆኑ የፊቱ ገጽ ከሥራ ነጻ ወጣ። ቆዳ በለበሰ ክራር ላይ መስተዋት ብትለጥፉበት ቆዳው መርገብገቡን ይተዋል፤ ድምፁም ይታፈናል። በድፍኑ ላይ ግን የሚጎዳው ነገር የለም። መስተዋቱ የመጣው እንግዲህ በዚህ ቀዳዳ ነው።

ጋሼ አንድ የተሰበረ የቁምሣጥን መስተዋት ነበራቸው። እኔ «አንድ ወጥ አድርገን እንለጥፈው» አልሁ፤ እርሳቸው «ተው፣ እንጨት ይተነፍሳል» አሉ። አልሰማሁም። ሐምሌ ነበር፤ ዝናቡ ሳምንት ሙሉ ሲጥል ዋንዛው እርጥበት ጠጥቶ አበጠ፤ መስተዋት ግን አያብጥም። በስምንተኛው ቀን ጧት ከመካከሉ ተሰንጥቆ አገኘነው። እኔ ላለቅስ ደረስሁ፤ ጋሼ «አብሽር፣ አሁን ራሱ መንገዱን አሳየን» ብለው ስባሪውን በአልማዝ መቁረጫ ጣት በጣት በማያህሉ ቁራጮች ከፋፈሉት። በየመካከላቸው ቀጭን ክፍተት እየተዉ፣ በሚለጠጥ ማጣበቂያ አንድ በአንድ ደረደሩት። እንጨቱ ቢያብጥ ክፍተቱ ይቀበለዋል። ከዚያ ወዲህ አንድም ቁራጭ አልተነቀለም። መስተዋቱ 3 ሚሊሜትር ውፍረት ስላለው ወደ 900 ግራም ገደማ ክብደት ጨምሯል፤ ለዚህ ነው የያዛችሁት ሁሉ ትከሻችሁን ያሻችሁት።

በዚያ ሥራ መካከል ጋሼ አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ፤ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል። መስተዋት እንዴት እንደሚሠራ አውቅ እንደ ሆነ ጠየቁኝ። አውቃለሁ ብዬ፣ ሊቢግ የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1835 ብር ከናይትሬቱ ተለይቶ በመስታወት ላይ እንዴት እንደሚለጠፍ ማሳየቱን ተረክሁላቸው። እኛም በኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ የብር ናይትሬት፣ አሞንያና ግሉኮስ ቀላቅለን ስናሞቅ የሙከራው ቱቦ በውስጡ መስተዋት ይሆናል አልኋቸው። «ከዚያስ ምን ታደርጉታላችሁ?» አሉኝ። እውነቱን ነገርኋቸው፤ ድብልቁ ቢያድር ሊፈነዳ ስለሚችል ቶሎ እናፈሰዋለን፤ መስተዋቱንም በአሲድ አጥበን ቱቦውን እንመልሳለን። ጋሼ ጥቂት ዝም ብለው፣ «እንግዲያስ ማጠቡን ነው ያስተማሯችሁ» አሉ።

ጓደኞቼ፣ ይህ ንግግር ለእኔ ብቻ የተነገረ አይመስለኝም። ፋራዴይን እናውቃለን፤ ሽቦ ግን ጠምጥመን አናውቅም። የብር መስተዋት እንሠራለን፤ ነጥባችንን ከተቀበልን በኋላ እናጥበዋለን። በእጃችን የነካነው ነገር ሁሉ ከፈተናው ቀን አያልፍም።

ወደ ትምህርት ቤት ከተመለስሁ በኋላ የሆነውን ደግሞ ስሙ። ስሙን የማልጠራው አንድ የዝግጅት ኮሚቴ ለበዓል ተጫዋቾች ሲመዘግብ ክራሩን ይዤ ቀረብሁ። የባህል ክፍሉ ኃላፊ «ይህ ባህላዊ አይደለም፤ ሽቦ አለው» ብሎ ወደ ዘመናዊው ክፍል ላከኝ። የዘመናዊው ክፍል ኃላፊ «ይህ ዘመናዊ አይደለም፤ ክራር ነው» ብሎ ወደ ባህሉ ክፍል መለሰኝ። ሁለት ጊዜ ከተመላለስሁ በኋላ መዝገቡ ተዘጋ። በኮሚቴው ላይ ቂም የለኝም፤ ከልማዳችን ውጭ የፈረደ አይደለምና። ባህል ማለት የማይነካ፣ ዘመናዊ ማለት ተገዝቶ የመጣ ነው ብለን ስንኖር፣ በመካከል ያለው «ራሳችን የሠራነው» የሚባለው ቦታ ባዶ ቀርቷል።

ሁለት ተቃውሞ ይቀርብልኛል፤ ሁለቱም ሊናቁ የማይገባቸው ናቸው። የመጀመሪያው፣ የክራር ለዛው ቆዳው ነው፤ ኤሌክትሪክ ይገድለዋል የሚል ነው። ካሳ ተሰማን ወይም አስናቀች ወርቁን የሰማ ሰው ይህን ቢል አልፈርድበትም። ድፍኑ ክራር ያንን ለስላሳ ድምፅ አይሰጥም፤ ልተካው ብዬም አልነሣም። ነገር ግን ከበሮና ሳክስፎን በሚጮኹበት አዳራሽ የቆዳው ክራር ድምፅ ይዋጣል፤ ያን ጊዜ ክራሩ ወጥቶ ጊታር ይገባል። የእኔ ክራር ከቆዳው ክራር ጋራ አይሻማም፤ ከደጅ የተባረረበትን አዳራሽ ነው የሚያስከፍትለት።

ሁለተኛው፣ መስተዋቱ ከንቱ ጌጥ ነው የሚለው ነው። ጌጥ መሆኑን አልክድም፤ አባቶቻችንም ክራራቸውን በጨሌና በዛጎል አስጊጠዋል። ግን መስተዋት ከቀለም የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው። ቀለም የአናጺን ስሕተት ይሸፍናል፤ መስተዋት ግን ያወጣዋል። ከሥሩ ያለው እንጨት አንድ ሚሊሜትር ቢጐብጥ በላዩ የሚታየው ፊት ይጣመማል። ጋሼ ያንን ገጽ ሁለት ቀን በብርጭቆ ወረቀት ያሹት ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ስማቸው ልመለስ። ሥራው ሲያልቅ፣ «ስምዎን በጀርባው እንቅረጽበት» አልኋቸው። «ተወው ልጄ፣ ጠራቢው የእገሌ አባት ነው እያሉ ልጄን ትምህርት ቤት ይሰድቡብኛል፤ እርሱስ እንደ እናንተ እንዲማርልኝ ነው የምለፋው» አሉ። ዓፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው የሚሰድብ ሰው እንዲታረም በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አስነግረው ነበር። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል፤ ጥርብ እንጨት፣ የተቀጠቀጠ ብረትና የተሸመነ ጋቢ ሳንገለገልበት የዋልንበት ቀን የለም፤ የአቀስታው አናጺ ግን ዛሬም ስሙን ይደብቃል። የሚደብቀውም ልጁ እንደ እኛ ያለ ተማሪ እንዲሆን ነው። በክራሩ መስተዋት ጢማችሁን ስታዩ ይህንንም እንድታዩት እለምናችኋለሁ።

ስለዚህ ሦስት ነገር አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ማኅበራችን ከቤተ ሙከራ ኃላፊዎች ጋራ ተነጋግሮ በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ተማሪ የጀመረውን ሥራ የሚጨርስበት ጊዜ ያስፈቅድ፤ የፊዚክስ ተማሪ ይጠምጥም፤ የኬሚስትሪ ተማሪ የሠራውን መስተዋት አያጥበው። ሁለተኛ፣ በሚመጣው በዓል የዝግጅት መዝገብ ላይ ከ«ባህላዊ»ና ከ«ዘመናዊ» ቀጥሎ «በራስ እጅ የተሠራ» የሚል ሦስተኛ ዐምድ ይከፈት። ሦስተኛ፣ በእኛ መድረክ የሚቀርብ መሣሪያ ሁሉ፣ ማሲንቆም ሆነ ዋሽንት፣ ከተጫዋቹ ስም ጋራ የሠሪውም ስም ይነገር፤ ሠሪው እስከ ፈቀደ ድረስ።

የጋሼ ክራር ጀርባ እስከ ዛሬ ባዶ ነው። መስከረም ላይ ስሰናበታቸው፣ «ስምዎ የሚያኮራበት ቀን ሲመጣ ልቅረጸው?» ብዬ ጠይቄአቸው ነበር። «እሱ እንኳ በእናንተ እጅ ነው» አሉኝ። «ክራር ነው ወይስ ጊታር?» ብላችሁ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ መልሴ ይኸውላችሁ፤ ክራር ነው፤ የአቀስታ ክራር ነው፤ የሠሪው ስም የሚጻፍበትም ቦታ በጀርባው ተዘጋጅቷል።