ስም የሚለካው በክፍያ ቀን ነው

አዲስ አሳታሚ ብቅ ባለ ቁጥር ደራሲዎች ለሁለት ይከፈላሉ። አንዱ ወገን «ገና ሳይጀምሩ ስማቸውን አታጥፉ፣ ዕድል ስጧቸው» ይላል። ሌላው «እነማን ናቸው? ከዚህ በፊት ምን ሠሩ? መቼ ነው የሚከፍሉት?» እያለ ይጠይቃል። አሳታሚው ወሲባዊ የፍቅር ልቦለድ በኢ-ቡክ የሚያወጣ ከሆነ ደግሞ ክርክሩ ይጦዛል። እኔ ከጠያቂዎቹ ጋር ነኝ። ምክንያቴን ልንገራችሁ።

አሜሪካዊቷ ቲና ኤንግለር ጄይድ ብላክ በሚል የብዕር ስም ትጽፋለች። ደፈር ያሉ የፍቅር ታሪኮቿን አሳታሚዎች አንቀበልም ሲሏት እ.ኤ.አ. በ2000 ኦሃዮ ውስጥ «ኤሎራስ ኬቭ» የተባለ የራሷን ድርጅት ከፈተች። ኪንድል ገበያ ላይ የወጣው በ2007 ነው፤ እሷ ግን ከዚያ በፊት መጽሐፍ በፋይል ትሸጥ ነበር። ተሳካላት። ሌላ ቦታ በር የተዘጋባቸው ደራሲዎች እዚያ አንባቢም ገንዘብም አገኙ። ስሙ ገነነ።

ከዓመታት በኋላ ግን ደራሲዎቹ «ሮያሊቲያችን ዘገየ» ማለት ጀመሩ። በሴፕቴምበር 2014 ዲር ኦተር የተባለ ድረ ገጽ ቅሬታውን በዝርዝር ጻፈ። ድርጅቱ ምን አደረገ? ጸሐፊዋንና ድረ ገጹን በስም ማጥፋት ከሰሰ። ክሱ በ2015 በስምምነት አለቀ። ድርጅቱ ራሱ ደግሞ በ2016 መጨረሻ ተዘጋ።

በዚያው ሰሞን «ኦል ሮማንስ ኢ-ቡክስ» የተባለው መሸጫ ዲሴምበር 28 ቀን ተነሥቶ «ዓመቱ ሲያልቅ እንዘጋለን» አለ። ለመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ሽያጭ ለብዙዎቹ ያቀረበው ክፍያ ከእያንዳንዱ ዶላር 10 ሳንቲም ነበር። ከዚያ ቀደም ሲል በ2007 «ትሪስኬልዮን» የተባለ አሳታሚ ሲከስር የደራሲዎቹ ውል እንደ ድርጅቱ ንብረት ተቆጠረ። አስቡት፤ ገንዘቡም የለም፣ መጽሐፉም በእጅ የለም።

እርግጥ ነው፣ የፍቅር ልቦለድ የማያወጣ አሳታሚም ይከስራል። በዚህ ዘርፍ ግን አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ ኀፍረት። ደራሲዋ የምትጽፈው በብዕር ስም ነው። ቤተሰቧ ላያውቅ ይችላል፤ መሥሪያ ቤቷም እንዲሁ። ገንዘቧ ሲቀር «ተበላሁ» ብላ በአደባባይ ለመጮኽ መጀመሪያ ማንነቷን መግለጥ አለባት። ክፉ አሳታሚ ደግሞ ይህንን አሳምሮ ያውቃል። ሰው «ድሮስ እንዲህ ዓይነት ነገር ጽፋ ምን ልታገኝ ነበር?» ሲል ለአጭበርባሪው ጋሻ ይሆነዋል። የጽሑፉን ይዘት መውደድም መጥላትም ይቻላል፤ የሠራ ሰው ደመወዙን ማግኘት አለበት የሚለው ግን ለክርክር አይቀርብም።

«ሐሰተኛ ወሬ ቅን ጀማሪን ሊገድል ይችላል» የሚሉት ወገኖች ፍርሃታቸው ከንቱ አይደለም። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል። ነገር ግን ጥያቄ ስም ማጥፋት አይደለም። ሮያሊቲው ከሽፋኑ ዋጋ ነው ወይስ ወጪ ተቀንሶ ከሚተርፈው? ሂሳብ በስንት ወሩ ይላካል? ውሉ መቼ ያበቃል? መጽሐፉ ካልተሸጠ መብቱ ለደራሲው የሚመለሰው እንዴት ነው? ቅን ጀማሪ እነዚህን በአንድ ገጽ መልሶ ይጨርሳል። ተጠየቅሁ ብሎ የሚቆጣው ግን መልሱን በቁጣው ሰጥቷል።

እዚህ እኛም ጋ ቴሌግራም ላይ የፍቅር ታሪክ በክፍል በክፍል የሚጽፉ፣ ብዙ አንባቢ ያላቸው ወጣቶች አሉ። የሚበዙት በብዕር ስም ነው። ነገ አንድ ሰው «መተግበሪያ ከፍቻለሁ፣ ታሪክሽን ስጪኝ፣ ገቢውን እንካፈላለን» ይላቸዋል። ደስ ይላል፤ ገበያ ያስፈልገናል። ግን መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነው። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ ማብቂያ ቀን ይኑረው፣ ከእናንተ በፊት የፈረሙትንም «በሰዓቱ ተከፈላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። የተከፈለው ሰው ዝም ካለ፣ ያልተከፈለውም ካፈረ፣ ቀጣዩ ፈራሚ በጨለማ ነው የሚፈርመው። የምታውቁትን ለባልደረባችሁ ንገሩ።