ዳማከሴን እንናቅ ወይስ እንመርምር?

ከመካከላችን አንዱ «ምች መታኝ» ሲል ክርክር ይነሳል። ግማሹ «ዳማከሴ ጨምቁለት» ይላል፤ ግማሹ «ይኼ ኋላ ቀርነት ነው» ብሎ ይስቃል። በእኔ አስተያየት ሁለቱም ወገኖች መጠየቅን ትተዋል። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ?

ቅጠል ስናሽ አፍንጫችንን የሚመታው ሽታ ከተናኝ ዘይት የሚመጣ ነው። የነጭ ባሕር ዛፍ ዘይት አብዛኛው ሲኒዮል የሚባል ንጥረ ነገር ነው፤ የደጋው ጦስኝ ደግሞ ታይሞልና ካርቫክሮል አለው። ሰውነት ሲቆስል ወይም ጀርም ሲገባበት ይቀላል፣ ያብጣል፣ ያተኩሳል፣ ያማል። ሐኪሞች ይህን ብግነት ይሉታል። ተመራማሪዎች የአይጥ እግር ሆን ብለው አሳብጠው የባሕር ዛፍ ዘይት ቢሰጡት እብጠቱ ቀንሷል። ከዳማከሴ ቅጠል የወጣ ፈሳሽም የአይጦችን ትኩሳት አብርዷል። እንግዲህ አያቶቻችን በከንቱ አልጨመቁም ማለት ነው።

ነገር ግን አይጥ ሰው አይደለም። መጠንም ትልቅ ጉዳይ ነው። የባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልቶ መታጠን ሌላ፣ የተጣራውን ዘይት መጠጣት ሌላ። ዘይቱን የዋጠ ሕፃን ጥቂቱ እንኳ ሊያንዘፈዝፈውና ራሱን ሊያስተው ይችላል። ጤና አዳምም ቢሆን በብዛት ከተወሰደ ለነፍሰ ጡር አደገኛ ነው። ከሁሉ የሚብሰው ግን «ምች ነው» የተባለው ወባ ወይም ማጅራት ገትር ሆኖ ሲገኝ ነው። ጭማቂው ትኩሳቱን ቢያበርደው እንኳ በሽታው ውስጥ ውስጡን ይሠራል፤ ልጁ ጤና ጣቢያ ሳይደርስ ጊዜ ያልፍበታል።

ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። አልሳቁም፣ እንዲሁ አምነውም አልተቀበሉም፤ መረመሩ። እንዶድ ቢልሃርዚያ አስተላላፊውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል የታወቀው እንዲህ ነው።

እጩ መምህራን ሆይ! ነገ በምንመደብበት ገጠር አንድ ተማሪ «እናቴ ዳማከሴ ጨመቀችልኝ» ሲለን ብንስቅበት እናቱንም ትምህርቱንም እናስንቀዋለን። ዝም ብንልም ልጁን ልናጣው እንችላለን። መልሳችን «እናትህ የሚያውቁት ነገር አለ፤ ለትኩሳቱ ግን ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሂድና ተመርመር» የሚል ይሁን። ከዚያም ቅጠሉን ወደ ክፍል አስመጥተን ሳይንስን ከእሱ እናስጀምር።