ኢምፓክቱን ሳይሆን ባትሪውን ምረጡ

ከተከዜ የወጣ ዓሣ ጭኖ ወደ ሰቆጣ የሚወጣ አንድ አይሱዙ ዳገት መሐል ጎማው ቢተነፍስ ነጋዴው የሚከስረው የጎማውን ዋጋ ብቻ አይደለም። ረዳቱ ክሪኩን አስገብቶ፣ በመፍቻው ጫፍ የብረት ቧንቧ ሰክቶ፣ በሁለት እግሩ እየዘለለበት የዛገው ዳዶ አልፈታም ሲል በረዶው ይቀልጣል፤ ዓሣው ይበላሻል። የአበርገሌ ፍየል የጫነውም ቢሆን የገበያው ቀን ያልፈዋል። በዋግ ኽምራ መንገድ ላይ የአንዲት ዳዶ እምቢታ የአንድ ጭነት ትርፍ ይዛ ትሄዳለች።

ይህን ችግር የቀመሰ ባለ መኪና፣ ባለ ጋራዥና ጎሚስታ ሁሉ ዛሬ ዓይኑን የጣለው በባትሪ በሚሠራው ገመድ አልባ ኢምፓክት ላይ ነው። ተፈላጊነቱ ተገቢ ነው። አገዛዛችን ግን የተገላቢጦሽ ሆኗል። ገዥው መጀመሪያ መሣሪያውን፣ ቀጥሎ ዋጋውን፣ በመጨረሻ ካስታወሰ ባትሪውን ይጠይቃል። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ አጭር ነው፤ መጀመሪያ መመረጥ ያለበት ባትሪው ነው። ኢምፓክቱ እንደ መጥረቢያ እጀታ ነው፤ ስለቱ ያለው ባትሪው ዘንድ ነው።

በቅድሚያ ይህ መሣሪያ ለእንዲህ ያለው አገር ለምን እንደሚስማማ እንይ። ሰቆጣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲነጻጸር አምስት እጅ ቢባል አንድ እጁን ያህል ይሳሳል። በነፋስ የሚሠራ መፍቻ ያለው ጎሚስታ ሁለት ጊዜ ይጎዳል። ኮምፕሬሰሩ የሚስበው አየር የሳሳ ነው፤ ኮምፕሬሰሩን የሚያዞረው የቤንዚን ሞተርም ያንኑ የሳሳ አየር ይተነፍሳል። የባትሪ መሣሪያ ግን ከፍታ አያውቅም። በዚያ ላይ የመብራቱ ጉዳይ አለ። በሰሜኑ ጦርነት ወቅት የዋግ ሕዝብ ለረጅም ጊዜ ያለ መብራት እንደቆየ የሚረሳ አይደለም። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ኮምፕሬሰር ያለ መብራት ወይም ያለ ጄነሬተር የማይነቃነቅ ብረት ሲሆን፣ ባትሪ ግን መብራት በመጣበት ሰዓት ተሞልቶ ይቀመጣል፤ ካልሆነም በኢንቬርተር ከመኪናው ላይ ይሞላል።

ወደ ገበያው እንመለስ። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው የመጠምዘዝ ኃይል፣ ማለትም ቶርክ ነው። እዚህ ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛው መለኪያው ነው። አሜሪካኖች በፉት ፓውንድ፣ ሌላው ዓለም በኒውተን ሜትር ይለካል፤ አንዱ ፉት ፓውንድ 1.356 ኒውተን ሜትር ነው። ሁለተኛው ለመፍታትና ለማጥበቅ የሚሰጠው ቁጥር መለያየቱ ነው። ከታወቁት የሚልዋኪ ባለ 18 ቮልት የግማሽ ኢንች ሞዴሎች አንዱ 1,400 ፉት ፓውንድ ተብሎ ሲሸጥ ይህ ለመፍታት ነው፤ ለማጥበቅ የተሰጠው 1,000 ነው። ሐቀኛ አምራች ሁለቱንም ይጽፋል። አንዱን ብቻ ያለ መለኪያ የጻፈ ካርቶን ካጋጠማችሁ መልሳችሁ መደርደሪያው ላይ አስቀምጡት።

ዋናው ማታለያ ግን ባትሪው ላይ ነው። በገበያ ላይ 18 ቮልት፣ 20 ቮልት፣ 21 ቮልት፣ አልፎም 88 እና 128 «ቪኤፍ» የሚሉ ጽሑፎች ተደርድረው ይታያሉ። ገዥውም ቁጥሩ በበለጠ ጉልበቱ የበለጠ ይመስለዋል። እውነቱ ይህ ነው፤ አብዛኞቹ በውስጣቸው የተደረደሩት ያው አምስት የሊቲየም ሴሎች ናቸው። አንዱ ሴል በአማካይ 3.6 ቮልት ነው፤ አምስቱ 18 ይሆናሉ። ከቻርጀር እንደወጣ ያለ ጭነት ሲለካ 4 ቮልት ነው ብሎ ላሰበ አምስቱ 20 ናቸው። እስከ ጣሪያው 4.2 ሞልቶ ለቆጠረ 21 ይሆናሉ። ዲዋልት ያንኑ ባትሪ ለአሜሪካ 20፣ ለአውሮፓ 18 ብሎ መሸጡ ለዚህ ማስረጃ ነው። «88 ቪኤፍ» የሚለው ግን የቮልት መጠን ሳይሆን የሻጭ ፈጠራ ነው።

ከቮልት ይልቅ መታየት ያለበት አምፒር ሰዓቱ ነው፤ እሱም በሚዛን ይጋለጣል። በብዛት የሚሠራበት ባለ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት ሴል ከ3.5 አምፒር ሰዓት እምብዛም አይዘልም። አምስት ሴል ብቻ በአንድ ረድፍ የያዘ ቀጭን ባትሪ «6 አምፒር» ቢባል ሐሰት ነው። እውነተኛ ባለ 5 አምፒር ባትሪ አሥር ሴል በሁለት ረድፍ ይይዛል፤ የአንዱ ሴል ክብደት 45 ግራም ገደማ በመሆኑ ሴሎቹ ብቻ ወደ ግማሽ ኪሎ ይጠጋሉ፤ ከነቀፎው ከ600 ግራም በላይ ይመዝናል። ቡናና ማር በሚዛን የሚገዛ ነጋዴ ባትሪውንስ በሚዛን ቢገዛ ምን ነውር አለው? ኢምፓክት ዳዶ ሲመታ ብዙ ኤሌክትሪክ በአንድ ጊዜ ስለሚስብ፣ ባለ አንድ ረድፉ ባለ 2 አምፒር ባትሪ ጥሩውን መሣሪያ እንኳ ያሽመደምደዋል። ለጭነት መኪና ከ5 አምፒር በታች መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

ከዱባይም ሆነ ከአሜሪካ በሻንጣ ለሚያመጡ አንድ ሁለት ነገር ማንሳት ይገባል። የባትሪውን ቮልት በአምፒር ሰዓቱ ስታባዙ ዋት ሰዓቱን ታገኛላችሁ። ባለ 18 ቮልት ባለ 5 አምፒሩ 90፣ ባለ 6ቱ 108፣ ባለ 9ኙ 162 ይመጣል። በዓለም አቀፉ የአቪዬሽን ደንብ መሠረት ትርፍ የሊቲየም ባትሪ መያዝ ያለበት በእጅ ሻንጣ ነው። ከ100 ዋት ሰዓት በላይ እስከ 160 ያለው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ከሁለት ፍሬም አይበልጥም። ከ160 የሚያልፈው በመንገደኛ ሻንጣ አይፈቀድም። ይህን ሳያውቅ ባለ 9 አምፒር ባትሪ ገዝቶ የአየር ማረፊያ ፍተሻ ላይ የሚያስረክብ ሰው ዋናውን ሀብት ጥሎ እጀታውን ይዞ ይገባል። ከአሜሪካ የሚመጣው ቻርጀር ደግሞ ለ120 ቮልት የተሠራ ከሆነ የእኛ 220 ቮልት በመጀመሪያው ምሽት ያቃጥለዋል። ወንድም ለወንድሙ የላከው ስጦታ እንዲህ አመድ እንዳይሆን ጽሑፉን ማንበብ ነው።

«ይህ ሁሉ ለባለ ገንዘብ ነው፤ ርካሹም ዳዶ ይፈታል» የሚሉ አሉ። ክርክሩ መሠረት የለውም አይባልም። የቤት መኪና ጎማ ብቻ ለሚፈታ ሰው ርካሹ ሊበቃው ይችላል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ በኋላ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ በብር ሲሰላ መክበዱም አይካድም። ነገር ግን ዋጋው በከበደ ቁጥር ሁለት ጊዜ መግዛት የባሰ ይከብዳል። የተሻለው ዘዴ አንድ የምርት ስም መርጦ እዚያው መጽናት ነው። በአንድ ባትሪ ኢምፓክቱም፣ መሰርሰሪያውም፣ መቁረጫውም፣ መብራቱም ከሠራ ወጪው ይከፋፈላል። ዛሬ ከአንዱ፣ ነገ ከሌላው የሚገዛ ግን ሦስት ዓይነት ቻርጀርና ሦስት ዓይነት የሞተ ባትሪ ይሰበስባል። ወደ ጽጽቃና ወደ ተከዜ ቆላ የሚወርዱ ደግሞ ባትሪውን ፀሐይ በሚመታው ጋቢና ውስጥ አይተዉት። የጋለ ባትሪ ቻርጀር ላይ ቢሰካ ጥሩው ቻርጀር አልሞላም ይላል፤ መጥፎው ሞልቶ ይገድለዋል።

ስለ ሰው ሕይወትም እናንሳ። ኢምፓክት መፍቻ እንጂ የመጨረሻ ማጥበቂያ አይደለም። ባለ 10 ብሎን ከባድ መኪና ብሎኑ 22 ሚሊ ሜትር ሲሆን ብዙውን ጊዜ ከ600 እስከ 700 ኒውተን ሜትር ይጠብቃል፤ ትክክለኛው ልክ በመኪናው መመሪያ ላይ አለ። ባለ 1,500ውን ኢምፓክት ተጭኖ የሚያጠብቅ ልጅ ብሎኑን ይለጥጠዋል፤ የተለጠጠ ብሎን ቁልቁለት ላይ ይበጠሳል። በኢምፓክት አስይዞ በቶርክ መለኪያ መጨረስ፣ ከ80 እስከ 160 ኪሎ ሜትር ከተጓዙ በኋላም ደግሞ መፈተሽ ግዴታ ነው። በአሮጌ የጃፓን ጭነት መኪኖች የግራ ጎማ ዳዶ ደግሞ የሚፈታው በተቃራኒው ነው፤ በብሎኑ ጫፍ ላይ «ኤል» የሚለውን የላቲን ፊደል ያላየ ረዳት ፈታሁ ብሎ ይቆርጠዋል። ቡሶላውም ጥቁሩ፣ ለኢምፓክት የተሠራው ይሁን። የሚያብረቀርቀው ለእጅ መፍቻ የተሠራ ስለሆነ ተሰንጥቆ ዓይን ያጠፋል።

እንግዲህ ለአስመጪውና ለኢንቬስተሩ የምንለው አለ። ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ያለ ደንበኛ የሚፈልገው ካርቶን ብቻ አይደለም። መሣሪያውን የሸጠ አስመጪ ለዚያው መሣሪያ ባትሪ፣ ቻርጀርና ቡሶላ በወልድያ ወይም በሰቆጣ ቢያስቀምጥ፣ ደረሰኝና ዋስትና ቢሰጥ፣ ባትሪውን በገዥው ፊት መዝኖና ሞክሮ ቢያስረክብ ገበያው የእሱ ነው። አንድ ኢምፓክት አንዴ ይሸጣል፤ ባትሪው ግን እያለቀ ተመልሶ ይገዛል። ትርፉ ያለው እዚያ ነው፤ ደላላውም ኮሚሽኑን ሲያሰላ ይህንኑ ቢያስብ ይጠቀማል።

ገዥም ከሱቁ ሳይወጣ ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ ባትሪው ስንት ይመዝናል? ትርፍ ባትሪ የት ይገኛል? ቻርጀሩ ለስንት ቮልት ነው? አበው እንዳሉት መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነበር። ዳገት ላይ ቆሞ፣ ዓሣው እየሸተተ፣ የሞተ ባትሪ ይዞ ማልቀስ ለማንም አይበጅም።