ክብደት ሁሉ ጥልቀት አይደለም

የቪዲዮ ጨዋታ በኪነ ጥበብ መጽሔት ገጽ ላይ ምን ይሠራል ብለው የሚጠይቁ አንባብያን መኖራቸው አይቀርም። መልሳችን አጭር ነው። ድርሰት፣ ሥዕል፣ ሙዚቃና ትወና ተቀናጅተው የሚቀርቡበት፣ ብዙ ወጣቶችም አያሌ ሰዓት የሚያሳልፉበት የጥበብ ሥራ ከሂስ ውጭ ሊኖር አይገባውም። ሂስ ያልደረሰበት እርሻ አረም ያበቅላል።

ዛሬ ልናነሣ የፈለግነው አንድ የጨዋታ ዓይነት ነው። ይኸውም ተጫዋቹ በምናብ በተፈጠረ ዓለም ውስጥ የአንድን ገጸ ባሕርይ ሚና ተላብሶ ከዘንዶና ከጭራቅ ጋር የሚፋለምበት፣ እየታገለም የሚያድግበት ጨዋታ ነው። እንዲህ ያለው ጨዋታ አብዛኛውን ጊዜ ገና ሲጀመር የክብደት ደረጃ ያስመርጣል። በመጨረሻው ከባድ ደረጃ ዙሪያም ሁለት ወገኖች ዘወትር ይሟገታሉ። አንደኛው ወገን «በመጨረሻው ደረጃ ያልተጫወተ ሰው ተጫወትኩ አይበል» ሲል ይመጻደቃል። ሌላው ወገን «ጨዋታ መዝናኛ ነው፤ በገዛ ገንዘብ መከራ መግዛት ሞኝነት ነው» ሲል ያጣጥላል። በእኛ እምነት ሁለቱም ተሳስተዋል። የተሳሳቱትም በአንድ ነጥብ ላይ ነው፤ ክብደትንና ጥልቀትን ሳይለዩ ማየታቸው ነው።

ነገሩን በተጨባጭ ምሳሌ እንመርምረው። ቤቴዝዳ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 «ስካይሪም» የተሰኘውን ጨዋታ አቀረበ። ጨዋታው ሲወጣ አምስት የክብደት ደረጃዎች ነበሩት። በ2013 ስድስተኛ ተጨመረበት፤ ስሙም «አፈ ታሪካዊ» እንደ ማለት ነው። ይህ ግርማ ያለው ስም ምን ይዞ መጣ? ሁለት ቁጥሮችን ይዞ መጣ። ተጫዋቹ በጠላቱ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ወደ አንድ አራተኛ ወረደ፤ በእርሱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ደግሞ በሦስት ተባዛ። የደረጃው ይዘት በመሠረቱ ይኸው ነው።

እስቲ ቀላል ስሌት እናድርግ። የአንድ ሽፍታ የሕይወት መጠን 100 ነው እንበል፤ የተጫዋቹ ሰይፍም በአንድ ምት 20 ይቀንስለታል። በመካከለኛው ደረጃ ሽፍታው በ5 ምት ይወድቃል። በከባዱ ደረጃ ግን ያው ሰይፍ በአንድ ምት የሚቀንሰው 5 ብቻ ስለሆነ ሽፍታውን ለመጣል 20 ምት ያስፈልጋል። የሽፍታው ምት 20 የሚጎዳ ከነበረም አሁን 60 ይጎዳል። ሽፍታው ግን ምንም አዲስ ዘዴ አልተማረም። በስተኋላ መክበብን፣ ወጥመድ ማበጀትን፣ በጊዜው ማፈግፈግን አላወቀም። አሳቡ ያው፣ አካሄዱም ያው ነው፤ የወፈረው ቆዳው ብቻ ነው። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» እንዲሉ፣ የጠላትን አእምሮ ማበልጸግ ያልደፈረ ሠሪ ቁጥሩን መታ።

ከዚህ የሚመነጨው ጉዳት የይዘትና የቅርጽ ቅራኔ ነው። የስካይሪም ታሪክ ተጫዋቹን «የዘንዶ ነፍስ የምትውጥ፣ በድምፅህ ጠላት የምትጥል ጀግና ነህ» ይለዋል። ቁጥሩ ግን «የመንገድ ሽፍታ በሁለት ምት የሚጥልህ ምስኪን ነህ» ይለዋል። ተጫዋቹም መሞት ሲሰለቸው ታሪኩን ትቶ ቁጥሩን ይከተላል። ወደ አንጥረኛ ቤትና ወደ መድኃኒት መቀመሚያ ይሸሻል። አስማት ያረፈበት ልብስ ለብሶ የተሻለ መድኃኒት ይቀምማል፤ በመድኃኒቱ ኃይል ልብሱ ላይ የበለጠ አስማት ያሳርፋል፤ ያንኑ ለብሶ እንደ ገና ይቀምማል። ወይም በጨለማ ተደብቆ ቀስት ይወረውራል። ወይም ምቱ ያልተቀነሰበትን አጃቢ አስቀድሞ ራሱ ከኋላ ይቆማል። ሰፊ የነበረው የአጨዋወት ምርጫ ወደ ሁለትና ሦስት መንገድ ይጠባል። እንግዲህ ከባዱ ደረጃ ያፈራው ጀግና ሳይሆን የቁጥር ነጋዴ ነው።

የዚህ ስሕተት እርማት የመጣው ከዚያው ከስካይሪም መሆኑ ሊሰመርበት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2017 ለዚሁ ጨዋታ በሕይወት ለመቆየት በመታገል ላይ የተመሠረተ ልዩ አጨዋወት ቀረበ። በዚህ አጨዋወት ተጫዋቹ ይርበዋል፣ ይደክመዋል፣ ይበርደዋል። ከከተማ ወደ ከተማ በቅጽበት መዝለልም ይከለከላል። ከዚያ በፊት የተራራው በረዶ ለዓይን ማረፊያ የተሣለ ሥዕል ነበር፤ አሁን ግን የሚገድል ብርድ ሆነ። ተጫዋቹ ትኩስ ሾርባ ሰንቆ መውጣትን፣ ጠጉራም ልብስ መምረጥን፣ ሳይመሽ ማደሪያ መፈለግን ይማራል። የሽፍታው ቆዳ ሳይወፍር ዓለሙ ከበደ። እዚህ ላይ ክብደት ማለት አገሩን ማወቅ ማለት ነው።

ሌላ ምሳሌ እንጨምር። የፖላንዱ ሲዲ ፕሮጀክት ሬድ እ.ኤ.አ. በ2015 ያቀረበው «ዊቸር 3» ገጸ ባሕርያቱን የወሰደው ከደራሲው ከአንጄይ ሳፕኮቭስኪ መጻሕፍት ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ጌራልት ጭራቅ አዳኝ ሲሆን፣ ሙያው ከጉልበት ይልቅ ዕውቀትን ይጠይቃል። የጭራቁን ዓይነት መለየት፣ ስለ እርሱ የተጻፈውን ማገላበጥ፣ የሚስማማውን ዘይት በሰይፍ ላይ መቀባት፣ መድኃኒቱን አስቀድሞ መጠጣት የሥራው ክፍል ነው። በቀላሉ ደረጃ ይህን ሁሉ ንቆ ሰይፍ ማወናጨፍ ብቻ ይበቃል። «የሞት ጉዞ» በተባለው የመጨረሻ ደረጃ ግን ጠላት ክፉኛ ይመታል፤ በተመስጦ ተቀምጦ በማረፍ ብቻም ቁስል አይድንም። ተጫዋቹ እንደ ጌራልት ማሰብ ግድ ይሆንበታል። እዚህም ቁጥር መጨመሩን አንክድም። ነገር ግን የተጨመረው ቁጥር የታሪኩን ይዘት ደገፈ እንጂ አልተቃረነውም።

የቤልጂጉ ላሪያን እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው «ባልደርስ ጌት 3» ላይ በዚያው ዓመት የጨመረው «የክብር ደረጃ» ደግሞ ከዚህ አንድ እርምጃ ይራመዳል። ታላላቆቹ ጠላቶች በሌሎቹ ደረጃዎች የማይታይ ልዩ ችሎታ ይጎናጸፋሉ። ከዚህም በላይ የተጫዋቹ ጉዞ የሚመዘገበው በአንድ መዝገብ ብቻ ስለሆነ የተናገረውን ቃል ወደ ኋላ ተመልሶ ሊሰርዘው አይችልም። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ባልንጀሮቹ በሙሉ ከወደቁ የክብሩ ጉዞ እዚያው ላይ ያበቃል። በቀላሉ ደረጃ በግዴለሽነት የሚወረወር ቃል እዚህ ይመዘናል። ክብደቱ ከጡንቻ ወደ ኅሊና ተሸጋገረ ማለት ነው።

ይህ ልዩነት ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይገባም። ቅኔ የተማረ ሰው ያውቀዋል። ቅኔ የሚከብደው ከሰሙ በታች ወርቅ ስላለበት ነው፤ የፈታው ሰው የድካሙን ዋጋ ያገኛል። አንድ ባለ ቅኔ ያንኑ ስንኝ አራት ጊዜ ደጋግሞ «አከበድኩት» ቢል ጉባኤው ይስቅበታል። ወርቅ የሌለበትን ሰም አራት ጊዜ ማወፈር ላም ባልዋለበት ኩበት እንደ ማስለቀም ነው።

አሁን ወደ ሁለቱ ወገኖች እንመለስ። የሚመጻደቁት ወገኖች የጃፓኑ ፍሮም ሶፍትዌር እ.ኤ.አ. በ2011 ያቀረበውን «ዳርክ ሶልስ» ለምስክርነት ይጠሩታል፤ ጨዋታው የክብደት ደረጃ አያስመርጥምና። ምስክራቸውን ግን በሚገባ አልጠየቁትም። በዚያ ጨዋታ ተጫዋቾች ከፊት ወጥመድ መኖሩን ለማያውቁት ሰው በመሬት ላይ ጽፈው ያስጠነቅቃሉ፤ ያቃተው ተጫዋችም ሌላውን ለእርዳታ ይጠራል። ክብደቱ የተሠራው ለመረዳዳትም ጭምር እንጂ ለብቻ መኩራሪያ አይደለም። ከሥራ ውሎ በኋላ አንድ ሰዓት ብቻ ያለው ሠራተኛ፣ ወይም ጣቶቹ የማይታዘዙለት አካል ጉዳተኛ ቀላሉን ደረጃ ቢመርጥ ነውሩ ምኑ ላይ ነው? አንባቢን በንባቡ ፍጥነት ብቻ የሚመዝን መምህር አለን?

የሚያጣጥሉት ወገኖችም ከስሕተት አልዳኑም። ሠሪው ያኖረውን ትርጉም ሁሉ ያለ ትግል ማግኘት አይቻልም። ብርዱን ያልፈራ ተጫዋች ተራራውን አላየውም፤ ጭራቁን ያላጠና ተጫዋችም ጌራልትን አላወቀውም። የተጫዋቹ ላብ ትርጉም የሚያፈራበት ቦታ ካለ «መዝናኛ ነው» ብሎ ማለፍ የጥበቡን ግማሽ መጣል ነው።

ጉዳዩ ከጨዋታም ያልፋል። ጥያቄውን ሳያሻሽል የፈተናውን ሰዓት ብቻ አሳጥሮ «አከበድኩት» የሚል መምህር፣ አሳቡ ሲነጥፍበት ቃላት የሚያወሳስብ ደራሲ፣ ትዕይንቱን አራዝሞ «ጥልቅ ነው» የሚል የቴአትር አዘጋጅ ሁሉም የዚያ ስድስተኛ ደረጃ ዘመዶች ናቸው። ይህን የምንጽፍ ሰዎችም ከዚህ ግለ ሂስ ነጻ አይደለንም።

ስለዚህ ከጨዋታ ሠሪዎች የምንጠይቀው ከባዱን ደረጃ እንዲተዉት ሳይሆን በሐቅ እንዲሠሩት ነው። ከወጣቱ ተጫዋችም የምንጠብቀው በየትኛው ደረጃ እንደ ጨረሰ እንዲነግረን ብቻ አይደለም። በቀላሉ ደረጃ የማይታይ ምን ነገር እንዳየ ይንገረን። የሚነግረን ነገር ካለው ድካሙ ፍሬ አፍርቷል። የሚቆጥርልን የሰይፍ ምት ብቻ ከሆነ ግን የተሸነፈው ጠላቱ ሳይሆን የራሱ ጊዜ ነው።